መድኃኒት ተሸክመው ዕጢ ድረስ የሚሄዱ ፔፕታይዶች

ኬሞቴራፒ ወዳጅና ጠላት አይለይም። ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴል ካገኘ ይመታል፤ ፀጉር የሚረግፈው፣ አፍ የሚቆስለው በዚሁ ጦስ ነው። ፔፕታይድ የተፈለገውም ለዚህ ነው። ጥቂት አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት አጭር ሰንሰለት ነው፤ የፕሮቲን ታናሽ ወንድም በሉት። እዚህ ሥራው ካንሰሩን መግደል ሳይሆን ገዳዩን ማድረስ ነው።

አድራሻውን በምን ያውቃል? ሆርሞን ከሚያመነጩ ሴሎች የሚነሱ፣ ኒውሮኢንዶክሪን የሚባሉ ብዙዎቹ የካንሰር ዕጢዎች ሶማቶስታቲን የተባለውን ሆርሞን የሚይዝ ተቀባይ በላያቸው ላይ በገፍ አላቸው። ሆርሞኑ ራሱ ግን ደም ውስጥ በጥቂት ደቂቃ ይበጣጠሳል። ስለዚህ ተመራማሪዎች 14 አሚኖ አሲድ የነበረውን ወደ 8 አሳጥረው፣ ኢንዛይም በቀላሉ እንዳይቆርጠው አድርገው ኦክትሪዮታይድን ሠሩ። የእሱ የቅርብ ዘመድ ላይ ሉቴሺየም 177 የተባለ ጨረር አመንጪ ታስሮ የተሠራው ሉታቴራ፣ በአውሮፓ በ2017፣ በአሜሪካ በ2018 እ.ኤ.አ. ተፈቀደ። ሴሉ የሚያውቀው ሆርሞን የመጣ መስሎት በሩን ከፍቶ ያስገባዋል። ጨረሩ ከ2 ሚሊሜትር ብዙም አያልፍም፣ ጎረቤት ያን ያህል አይጎዳም።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ደግሞ ቅድመ ዝግጅቱ ነው። መጀመሪያ ያው ዓይነት ፔፕታይድ ጋሊየም 68 የተባለ ሌላ ጨረር አመንጪ ይዞ ይገባና ፔት ስካን፣ ማለትም ጨረሩ ያረፈበትን ቦታ የሚያሳይ ምስል፣ ይነሳል። ዕጢው ምስሉ ላይ ካልበራ በቂ ተቀባይ የለውም ማለት ነው፣ በዚህ መድኃኒት መድከም ዋጋ የለውም።

ትንሽነቱ ግን መዘዝ አለው። ኩላሊት ያጣራውና መልሶ ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ጨረሩም እዚያው ይቀራል። ለዚህ ነው ሕመምተኛው መድኃኒቱ ከመግባቱ በፊት ጀምሮ ለሰዓታት ላይሲንና አርጂኒን የተባሉ አሚኖ አሲዶች በደም ሥሩ የሚንጠባጠብለት፤ ኩላሊት በእነሱ ይጠመዳል፣ ፔፕታይዱ በሽንት ይወጣል። ማቅለሽለሽ አለው፣ ግን ኩላሊትን ያህል ነገር ማጣት ይብሳል።

ሁሉም እንዲህ አልሰመረለትም። ሜልፍሉፌን የተባለው፣ ከፔፕታይድ ጋር የተያያዘ የካንሰር መርዝ፣ የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው፦ በተቀባይ ሳይሆን ስብ ወዳድ በመሆኑ ሴሉ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፣ እዚያ በካንሰሩ ሴል ውስጥ የበዙት ኢንዛይሞች ይቆርጡትና መርዙ መውጫ ያጣል። አሜሪካ መልቲፕል ማይሎማ ለሚባለው የደም ካንሰር በ2021 ፈቀደችው፤ ቀጣዩ ጥናት መድኃኒቱ የሕመምተኞችን ዕድሜ ያሳጥር ይሆናል የሚል ስጋት ሲያመጣ በ2024 ፈቃዱን ሰረዘች። አውሮፓ ደግሞ ለተወሰኑ ሕመምተኞች ብቻ በ2022 ፈቅዳዋለች።