ጆን ስኮት ሃልዴን፦ የሚገድለውን አየር የመረመረ ሳይንቲስት

ጆን ስኮት ሃልዴን (1860–1936) ስኮትላንዳዊ ሐኪምና የፊዚዮሎጂ (የሰውነት አሠራር) ተመራማሪ ነው። ሰው የሚተነፍሰው አየር መቼ እንደሚያኖረው፣ መቼ እንደሚመርዘው ሲያጠና ኖሯል። እዚህ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ኤድንብራ ተወልዶ በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማረ፤ በ1884 ተመረቀ። ዳንዲ ውስጥ የመኖሪያና የትምህርት ቤቶችን አየር ከመረመረ በኋላ፣ አጎቱ ጆን በርደን ሳንደርሰን ያስተምርበት ወደነበረው ኦክስፎርድ ተሻገረ።

ማዕድን ማውጫዎች

ስሙን የተከለው በድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ነው። በጥር 1896 በደቡብ ዌልስ፣ ታይለርስታውን በተባለ ስፍራ በደረሰ ፍንዳታ 57 ሰዎች ሞቱ። ሃልዴን አስከሬኖቹን መረመረ። የብዙዎቹ ገላ በፍንዳታው አልተሰባበረም፤ ቆዳቸውም ሕይወት እንዳለው ሰው ቀላ ያለ ነበር። አብዛኞቹን የገደለው ፍንዳታው ሳይሆን ከፍንዳታው በኋላ ዋሻውን የሞላው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው ሲል ለመንግሥት ሪፖርት አቀረበ። ብዙ ቆፋሪዎች የሚሞቱት ከእሳቱ ካመለጡ በኋላ መሆኑ ከታወቀ ዘንድ፣ የነፍስ አድን ሥራውም በዚያው መጠን መለወጥ ነበረበት።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢንን አጥብቆ በመያዝ ኦክስጅንን ከ200 እጥፍ በላይ ስለሚበልጠው፣ በአየር ውስጥ ጥቂት ቢሆን እንኳ ቦታውን ቀስ በቀስ ይነጥቀዋል። ሃልዴን ይህን በራሱ ገላ አይቶታል፤ በ1895 ጋዙን እየተነፈሰ፣ ደሙን በየመሃሉ እያስመረመረ፣ ከሄሞግሎቢኑ ከግማሽ በላዩ በጋዙ እስኪያዝ ድረስ ቀጠለ። (የቤተሰቡ የጋሻ ጽሑፍ አንዲት ቃል ናት፦ «ቻል»።) በዚሁ ጥናት፣ በከፍተኛ ግፊት በኦክስጅን ውስጥ የተቀመጠች አይጥ ሄሞግሎቢኗ በመርዙ ተይዞም እንደምትኖር አሳየ፤ ኦክስጅኑ በደሟ ፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ ይደርሳታልና።

ትናንሽ እንስሳት ከመጠናቸው አንጻር ከሰው ይልቅ ብዙ አየር ስለሚስቡ መርዙ ቀድሞ ይጥላቸዋል። ስለዚህ ቆፋሪዎች አይጥ ወይም ካናሪ የምትባል ትንሽ ወፍ ይዘው እንዲወርዱ መከረ። ካናሪ ተመራጭ ሆነች፤ ከተቀመጠችበት እንጨት ላይ ስትወድቅ በጨለማም ቢሆን ማንም ልብ ይላታል።

ልጁንም ከጉድጓድ አላስቀረውም። በኋላ ታዋቂ የዘር ውርስ (ጄኔቲክስ) ሳይንቲስት የሆነው ጄ.ቢ.ኤስ. ሃልዴን እንደተረከው፣ በልጅነቱ አባቱ ሜቴን የተባለ ጋዝ ባለበት ዋሻ ቆሞ ንግግር በቃሉ እንዲያነብ አዘዘው። ጥቂት እንደቀጠለ ጉልበቱ ከዳውና ወደቀ፤ መሬት ላይ ሲሆን ግን መተንፈስ ቻለ። ሜቴን ከአየር ቀላል መሆኑን በዚህ ተማረ። ዛሬ ይህን የሚፈቅድ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አይገኝም።

የመተንፈስ ሥርዓት

በ1905 ከባልደረባው ከጆን ፕሪስትሊ ጋር ባወጣው ጥናት፣ ትንፋሽን በዋነኛነት የሚቆጣጠረው የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን በሳንባ ከረጢቶች ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን መሆኑን አሳየ። መጠኑ በ0.2 በመቶ ብቻ ከፍ ሲል ወደ ሳንባ የሚገባው አየር በእጥፍ ገደማ ያድጋል። በ1908 ፍየሎችን በግፊት ክፍል አስገብቶ ለባሕር ጠላቂዎች የመውጫ ሰንጠረዥ፣ ማለትም ከጥልቀት ያለ ጉዳት በየደረጃው የሚወጡበትን መመሪያ፣ ሠራ።

ጦርነቱ

በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1915 የጀርመን ጦር ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር በተባለች ከተማ አጠገብ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ሲለቅ፣ የብሪታንያ መንግሥት ሃልዴንን ወደ ፈረንሳይ ላከው። ጋዙ ክሎሪን መሆኑን አረጋገጠ፤ ከዚያም ከባልደረቦቹና ከልጁ ጋር ጋዝ በተሞላ ክፍል እየገባ መከላከያዎችን ፈተነ። በዚያው ሰሞን ወንድሙ ሪቻርድ፣ የቀድሞው የጦር ሚኒስትር፣ ለጀርመን ያዳላል ተብሎ ይወገዝ ነበር። በጋዝ ለተጎዱ ወታደሮች ኦክስጅንን በጭምብል ያለማቋረጥ የመስጠት ዘዴውን በ1917 አሳተመ፤ ዛሬ በየሆስፒታሉ ያለው የኦክስጅን ሕክምና ብዙ ነገሩ ከዚህ የመጣ ነው።

ያከራከሩ ሐሳቦች

ሃልዴን ሳንባ እንደ ዕጢ ኦክስጅንን በራሱ ኃይል ወደ ደም ይገፋል ብሎ ያምን ነበር። በ1911 በኮሎራዶ፣ ከ4,300 ሜትር በሚበልጠው ፓይክስ ፒክ ተራራ አናት ላይ ከጓዶቹ ጋር ሳምንታት የቆየውም በከፊል ይህን ለመፈተሽ ነው። ዴንማርካውያኑ ባልና ሚስት ሳይንቲስቶች ኦገስትና ማሪ ክሮግ ኦክስጅን የሚያልፈው በሥርጸት (ከሚበዛበት ወደሚያንስበት በራሱ በመዛመት) ብቻ ነው ብለው ተቃወሙት፤ ሳይንስም ለእነሱ ፈረደ። እሱ ግን ሐሳቡን አልተወም።

የከሰል አቧራን በሚመለከት ነገሩ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይሻል። ሃልዴን በኮርንዎል የቆርቆሮ ማዕድን ሠራተኞችን ሳንባ የሚያጠፋው ሲሊካ ያለበት የድንጋይ አቧራ መሆኑን በትክክል አመልክቷል፤ በመሰርሰሪያዎቹ ላይ ውሃ እንዲረጭም አሳስቧል። የንጹሕ ከሰል አቧራን አደጋ ግን አቅልሎ አይቷል። ከሞተ በኋላ በ1940ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች የከሰል አቧራም ሳንባን እንደሚያጠፋ አስረድተዋል። በዘመኑ ግን በቂ የኤክስሬይ ማስረጃ አልነበረም፤ ፍርዱም በዚያ ሚዛን ቢታይ ይሻላል።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1934 የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር የሆነው የሮያል ሶሳይቲ ኮፕሊ ሜዳልያ ተሰጠው። በ75 ዓመቱ የነዳጅ ዘይት ሠራተኞችን የሚጥለውን የሙቀት ሕመም ለማጥናት ወደ ፋርስና ኢራቅ ተጓዘ፤ ከተመለሰ በኋላ በመጋቢት 1936 ኦክስፎርድ ውስጥ በሳንባ ምች ሞተ። ካናሪዎቹ በብሪታንያ ጉድጓዶች ውስጥ ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሠሩ፤ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እንዲተኩ የተወሰነው በ1986 ነው።