ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ምንድን ነው?

ውጭ አገር ለመማር የሚያመለክቱ ልጆች ከሚጠይቁኝ ሁሉ የሚበዛው ይሄ ነው። «ትራንስክሪፕቴ እኮ እጄ ላይ አለ፣ ለምንድን ነው ኦፊሻሉን አምጪ የሚሉኝ?» ደብረ ማርቆስ የሚማሩትም፣ ባሕር ዳርም፣ እንጅባራም ያሉት ጥያቄያቸው አንድ ነው። መልሱ አጭር ነው። እጃችሁ ላይ ያለው ኦፊሻል አይደለም። ኦፊሻል ያልሆነውም ሳይታሸግ እጃችሁ ስለገባ ነው።

ላብራራው። ከሬጂስትራር (ከዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች መዝገብ ቤት) ተቀብለን ፋይላችን ውስጥ የምናስቀምጠው፣ ውጤታችን የተዘረዘረበት ወረቀት ስቱደንት ኮፒ ነው። ለራሳችን የተሰጠ ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ደግሞ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ደብዳቤ በሉት። ኮርሱ፣ ክሬዲቱ፣ ግሬዱ ያው ነው። የሚለየው የሚሄድበት መንገድ ነው። ሬጂስትራሩ ያትመዋል፣ ይፈርምበታል፣ ማኅተም ያደርግበታል፣ ፖስታ ውስጥ ከትቶ ያሽገዋል፣ ከዚያ ክዳኑ በተጣበቀበት ቦታ ላይ ደግሞ ሌላ ማኅተም ይመታል፣ የማኅተሙ ግማሽ ክዳኑ ላይ፣ ግማሹ ፖስታው ላይ እንዲያርፍ አድርጎ። ፖስታው ቢከፈት ክቡ ማኅተም አይገጥምም። ተቀባዩ መጀመሪያ የሚያየውም ይህንኑ ነው። አሁን አሁን ሬጂስትራሩ ከራሱ ኦፊሴላዊ ኢሜይል በቀጥታ ቢልክላቸው የሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ሐሳቡ ግን አይለወጥም፤ በመሀል ተማሪው ወረቀቱን እንዳይነካው ነው።

የአጎቴን ልጅ ነገር ልንገራችሁ። ቢቸና ነው ቤታቸው። ልጁ ሥራ ላይ ስለነበር የታሸገው ፖስታ በሰው እጅ ለአባቱ ደረሰ። አያ (እኛ ቤት አጎቴን አያ ነው የምንለው) ልጁ አራት ዓመት የለፋበትን ለማየት አላስቻለውም። በቢላ ጫፍ ቀስ አድርጎ ከፈተው። እንግሊዝኛ አያነብም፣ ኤዋን ግን ያውቃታል። መስኮት አጠገብ ተቀምጦ በጣቱ እየነካ አንድ በአንድ ቆጠራት። ከዚያ ወረቀቱን እንደነበረ አጥፎ መለሰው፣ ክዳኑንም በሙጫ አጣበቀው። ማኅተሙ ግን አልገጠመም። ልጁ ሲያየው ምንም አላለም፣ ምን ይላል? እንደገና ማመልከቻ፣ እንደገና ክፍያ፣ እንደገና ወረፋ። ሁለተኛ ሲያስወጣ ግን ሁለት ፖስታ ነው ያስወጣው፣ አንዱን ለሚያመለክትበት ዩኒቨርሲቲ ላከ፣ ሌላውን ለአባቱ ሰጠው። እናንተም በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ኮፒ አስወጡ። ብዙ ቦታ ነው የምታመለክቱት፣ ለእያንዳንዱ መመላለስ አድካሚ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ለማመልከቻ ብቻ ከሆነ የስቱደንት ኮፒው ስካን የሚበቃቸው ብዙ ናቸው፣ በተለይ አሜሪካ። ኦፊሻሉን የሚጠይቁት ከተቀበሏችሁ በኋላ ነው። ስለዚህ መመሪያቸውን በደንብ አንብቡ። «አን-ኦፊሻል» የሚል ካያችሁ ስካኑን ልካችሁ ቀጥሉ፣ ኦፊሻሉ እስኪመጣ ብላችሁ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው ኦፊሻል ልውሰድ ሲል ቀድሞ የሚጠየቀው ኮስት ሼሪንጉን ነው። ከ1996 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ለምግብ፣ ለመኝታና ለትምህርት ከሚወጣው ወጪ ድርሻችንን ከተመረቅን በኋላ እንከፍላለን ብለን ውል እንፈርማለን። ፍሬሽ ሆነን ሰልፍ ላይ ቆመን የፈረምነውን ብዙዎቻችን አናስታውሰውም። ሥራ ይዘን ከደመወዛችን እየተቆረጠ ወይም በአንድ ጊዜ ከፍለን ካልጨረስን ግን ኦፊሻሉም ኦሪጅናል ዲግሪውም አይለቀቅም። እስከዚያ የሚኖረን ቴምፖው (ጊዜያዊው የምረቃ ሰርተፊኬት) ብቻ ነው። ስኮላርሺፕ ያገኘ ልጅ በዚህ ምክንያት መጨረሻው ሳምንት ላይ ብር ፍለጋ ዘመድ ለዘመድ ሲዞር አይቻለሁ፣ በጣም ያሳዝናል። ምን ያህል እንዳለባችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ። ከዚያ ለቤተሰብ ንገሩ፣ በሬም የሚሸጥ ከሆነ በደህና ዋጋ እንዲሸጥ ጊዜ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ስም ነው። ፓስፖርት ላይ በቀለ በ«ኬ» ተጽፎ ትራንስክሪፕቱ ላይ በ«ኪው» ከመጣ፣ ለእኛ ያው አንድ በቀለ ነው። ለእነሱ ግን ሁለት ሰው ነው። ጥላሁን የሚጀምረው በ«ቲ» ብቻ ነው ወይስ ከ«ቲ» ቀጥሎ «ኤች» አለበት? የአያት ስም አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ የለም? ፓስፖርት ያላወጣችሁ ልጆች ከመሄዳችሁ በፊት የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬታችሁን አውጥታችሁ እያንዳንዷን ፊደል እዩ፣ እሱኑ አስጽፉ። ያወጣችሁ ደግሞ ትራንስክሪፕቱ ከመታተሙ በፊት ሬጂስትራር ሄዳችሁ አስተካክሉ። ከታተመና ከታሸገ በኋላ ነገሩ ይረዝማል።

የዘመን አቆጣጠሩንም አትርሱ። መጋቢት 1995 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ 2003 ነው። ትራንስክሪፕቱ ላይ 1995 ብቻ ተጽፎ ፓስፖርቱ 2003 ካለ፣ አንባቢው የስምንት ዓመት ልዩነት ነው የሚያየው። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ።

ስለ ግሬድም ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ጀርመን ያመለከቱ ልጆች እዚህ ላይ ይደነግጣሉ። እዚያ 1.0 ምርጡ ነው፣ 4.0 ዝቅተኛው ማለፊያ። የእኛ 3.4 ሲቀየር እንዲህ ነው። ከከፍተኛው ነጥብ ከ4 ላይ 3.4 ይቀነሳል፣ 0.6። ይህ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ማለፊያ ልዩነት ይካፈላል፣ 4 ሲቀነስ 2 ማለት ነው፣ 0.3 ይመጣል። በ3 ተባዝቶ 1 ይደመርበታል። 1.9። ጥሩ ውጤት ነው፣ አትደንግጡ። ግን ዝቅተኛው ማለፊያ 2.00 መሆኑን የሚነግራቸው ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው የግሬድ ማብራሪያ ነው፣ ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ይሆናል። ስካን ስታደርጉ ጀርባውንም ጨምሩ።

ኦተንቲኬሽን ከዚህ ጋር አታምታቱት። እሱ ሰነዱ እውነተኛ መሆኑን አገር ውስጥ ያለ መንግሥታዊ አካል፣ ለምሳሌ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ የሚያረጋግጥበት ሌላ ሥራ ነው። ሲጠየቅ ብቻ ነው የሚደረገው። ለዚያ ብላችሁ የታሸገውን ፖስታ እንዳትከፍቱ፣ ሌላ ኮፒ ያዙ።

መቼ ይጀመር? የአውሮፓ ስኮላርሺፖች ብዙዎቹ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው የሚዘጉት። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ያውም የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን። በ2015 ክረምት ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሬጂስትራሩ ቢፈልግም ኢሜይል መላክ አልቻለም ነበር። ስለዚህ ጥቅምትን አትጠብቁ። ዘንድሮ የምትመረቁ ግቢ ሳላችሁ፣ ክሊራንስ (የግቢው ንብረት እንደሌለባችሁ የሚያረጋግጠውን) ስትጨርሱ፣ ያኔውኑ ስማችሁን አስተካክሉ፣ የኮስት ሼሪንጉን ሒሳብ በወረቀት ተቀበሉ፣ ሬጂስትራሩ ከኦፊሴላዊ ኢሜይሉ ወደ ውጭ ይልክ እንደሆነም ጠይቁና የሚልክበትን አድራሻ ጽፋችሁ ያዙ።