የአደጋ ጠበቃ መምረጥ፦ በዲሲ አካባቢ በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መኪና የገጨው ሰው ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ ምክር ይጎርፍለታል። ምክሩ ከልብ ነው። ብዙው ግን ስህተት ነው፤ ዋጋም ያስከፍላል።

«ጥፋቱ የሌላው ነው፣ ጠበቃው ማንም ቢሆን ችግር የለውም።»
እዚህ አካባቢ እንዲህ ማሰብ አደገኛ ነው። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ተጎጂው ትንሽ ጥፋት ካለበት ካሳው ይቀነስበታል እንጂ አይቀርበትም። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ግን የድሮውን ሕግ አልለቀቁም፤ ለአደጋው 1 በመቶ እንኳ አስተዋጽኦ ካደረጋችሁ ምንም ላታገኙ ትችላላችሁ። ዲሲም ለአሽከርካሪ እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሕጉን ያላላው ለእግረኛና ለብስክሌት ነጂ ነው። ስለዚህ ለኢንሹራንሱ ሰው በስልክ «እኔም ትንሽ ፈጥኜ ነበር» ማለት ኬዙን ሊገድለው ይችላል። ጠበቃውን «እኔን ጥፋተኛ ለማድረግ ምን ይላሉ? እርስዎስ ምን ይመልሳሉ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከተድበሰበሰባችሁ ሌላ ፈልጉ።

«ካላሸነፈ አይከፈለውም፣ ስለዚህ ወጪ የለብኝም።»
ክፍያውና ወጪው ይለያያሉ። ክፍያው ብዙ ጊዜ ከካሳው አንድ ሦስተኛ ነው፤ ፍርድ ቤት ከሄደ ወደ 40 በመቶ ሊደርስ ይችላል። የሕክምና ማስረጃ ማውጫ፣ የፍርድ ቤትና የባለሙያ ምስክር ወጪ ለብቻው ይታሰባል። ካሳው 30,000 ዶላር፣ ወጪው 3,000 ነው እንበል። ሲሶው ከጠቅላላው ከተነሳ 17,000 ይቀራችኋል። ወጪው ቀድሞ ከተቀነሰ ግን 18,000። የሆስፒታል ቢል ገና አልተነካም። ከመፈረማችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ፣ ብትሸነፉም ወጪውን ማን እንደሚችል ውሉ ላይ እዩ።

«አማርኛ ይናገራል፣ ይበቃል።»
ስልኩን ያነሳው አበሻ ጠበቃ ላይሆን ይችላል። ማስተርጎሙ ትልቅ እርዳታ ነው፤ የሕግ ምክር ግን ከጠበቃው ይምጣ። «ኬዜን በእጁ የሚይዘው ማነው?» በሉ። ፈቃዱን በቨርጂኒያ ስቴት ባር ወይም በዲሲ ባር (ባር ማለት የጠበቆች ማኅበር ነው) ድረ ገጽ ማየት ይቻላል። «ዛሬውኑ ካልፈረምክ» የሚል ደላላ ከመጣ እባካችሁ አትፈርሙ።

«አንዴ ከፈረምኩ አለቀ።»
አላለቀም። ጠበቃ መቀየር መብታችሁ ነው። የቀድሞው ለሠራው ሥራ ከካሳው ድርሻ ሊጠይቅ ስለሚችል አዲሱን አስቀድማችሁ አነጋግሩት። የቀረበውን ገንዘብ መቀበልም አለመቀበልም የእናንተ ውሳኔ ነው።

«የመኖሪያ ወረቀት የሌለው መክሰስ አይችልም።»
ይችላል። ይህን የሚፈራ ስንት ሰው ጉዳቱን ይዞ ዝም ብሏል! ሁኔታችሁን ለጠበቃችሁ ከመጀመሪያው ቀን ንገሩት፤ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

«ሕክምናዬን ልጨርስና አስብበታለሁ።»
ክስ ለመመሥረት በቨርጂኒያ በአብዛኛው 2 ዓመት፣ በሜሪላንድና በዲሲ 3 ዓመት አላችሁ። የገጫችሁ የዲሲ አስተዳደር መኪና ከሆነ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ የጽሑፍ ማስታወቂያ መግባት አለበት።