የላንድክሩዘር 100ን የዘይት ሰስፔንሽን አውጥቶ ተራ ሾክ መግጠም፦ የሚባለውና እውነታው

እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2007 በተመረተው ሌክሰስ ኤልኤክስ 470 እና በአንዳንድ ላንድክሩዘር 100 ላይ፣ ቁመትን በዘይት ግፊት የሚያስተካክል ኤ.ኤች.ሲ የሚባል ሲስተም አለ። ሲያረጅ ብዙዎች አውጥተው ተራ ሾክ ያስገጥማሉ። ከዚህ በታች ያሉት ጋራዥ ውስጥ በየጊዜው የሚባሉ ናቸው።

«መኪናው ድንጋይ ሆኗል፤ ሾኩ አልቋል»

ብዙ ጊዜ ያለቀው ለየጎማው የተመደበው፣ ናይትሮጅን የታመቀበት ኳስ ነው። አራት ናቸው። ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ መኪናውን ዝቅ አድርጋችሁ የዘይት ማጠራቀሚያው ላይ ያለውን ደረጃ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ከፍ አድርጉትና ዘይቱ ስንት መስመር እንደወረደ ቁጠሩ። ኳሶቹ አዲስ ሲሆኑ 14 ገደማ ነው፤ 7 እና ከዚያ በታች ከሆነ ጋዙ ሄዷል። ኳስ ቀይሮ መገላገል እየተቻለ ሙሉ ሲስተም ነቅሎ የጣለው ሰው ጥቂት አይደለም።

«አራት ሾክ መቀየር ይበቃል»

ትልቁ ኪሳራ እዚህ ነው። ኤ.ኤች.ሲ ባለው መኪና ክብደቱን ቶርሽን ባር (ፊት ላይ እየተጠማዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ) እና ሞላ ብቻቸውን አይሸከሙም፤ ዘይቱ ያግዛቸዋል። ስለዚህ የፊቱ ቶርሽን ባር ከተራው ይቀጥናል፣ የኋላው ሞላም ይለሰልሳል። ተራ ሾክ ንዝረትን ይቆጣጠራል እንጂ ክብደት አይሸከምም። አራቱን ብቻ ቀይራችሁ ከጋራዥ ስትወጡ መኪናው ቁጭ ይላል፤ ሰው ሲሞላ ኋላው ማቆሚያ ጎሚኒውን ይመታል። ሙሉው ዕቃ 2 ቶርሽን ባር፣ 2 የኋላ ሞላ፣ 4 ሾክ እንዲሁም ከአዲሶቹ ሾኮች ጋር የሚሄዱ የላይኛው ማሰሪያ ጎሚኒ፣ ሮንዴላና ዳዶ ነው።

«ቶርሽን ባሩን ማጥበቅ መኪናውን ያነሳል»

ተራ ሾክ ከተገጠመ በኋላ፣ አዎ። ሲስተሙ እየሠራ ግን ቁመቱን የሚወስኑት የቁመት ሴንሰሮቹ ናቸው፤ ባሩ ሲጠብቅ የሚወርደው የፊት ዘይት ግፊት ነው። ትክክለኛው ከ6.9 እስከ 7.4 ሜጋፓስካል ገደማ ነው።

«ቱቦውን ቆርጦ መድፈን ነው»

የኤ.ኤች.ሲ ሾክ ሲጨመቅ ዘይቱን ወደ ኳሱ ይገፋል። መንገዱ ሲደፈን ዘይቱ መሄጃ ያጣል፤ ዘይት ደግሞ አይታመቅም። ዘንጉ ይቆልፋል፣ ጎማውም ጉድጓዱን በቀጥታ ለሻንሲው ያስተላልፋል።

«ዳዶውን ፈትቶ ማውጣት ነው»

መጀመሪያ ግፊቱ ይውጣ። በአራቱም ጎማ በኩልና በዋናው የግፊት ማጠራቀሚያ (አኩሙሌተር) ላይ ማስተንፈሻ አለ፤ የላስቲክ ቱቦ ሰክታችሁ በዝግታ ክፈቱ። ግፊቱ ሲወጣ መኪናው በአንድ ጊዜ ሊቀመጥ ስለሚችል ሻንሲው በብረት መቆሚያ ላይ ካልተደገፈ ማንም ከስር አይግባ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም።

«የዳሽቦርዱን ማስጠንቀቂያ መብራት ነቅሎ መተው ይቻላል»

መብራቱ ቢነቀልም ፓምፑ አይቆምም፤ በኤሌክትሪክ ይሠራል። ካላቋረጣችሁት ክፍት በቀረው መስመር ዘይቱን ሁሉ መሬት ላይ ይረጫል። የፓምፑን ሶኬት ንቀሉ፣ ቱቦዎቹንም በክዳን ዝጉ።

ሥራው ሲያልቅ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ። የፋብሪካው ቁመት ፊት 50፣ ኋላ 52 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ባርና ሞላው ትንሽ ስለሚረግቡ ጥቂት ቀን ነድታችሁ ድጋሚ ለኩ፤ አላይመንት ከዚያ በኋላ ነው።