«ሚስቱ አይደለች እንዴ?»

ባል ሚስቱን ደፈረ ሲባል ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል። «ሚስቱ አይደለች እንዴ?» ይላል። ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሕግ ራሱ ለዘመናት እንዲሁ ሲል ኖሯል።

«አንዴ ካገባች ፈቅዳለች።»
ይህን ሐሳብ በሕግ መጽሐፍ ያሰፈረው እንግሊዛዊው ዳኛ ማቲው ሄል ነው። ከሞተ በኋላ በ1736 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በታተመ ሥራው፣ ሚስት በጋብቻ ቃሏ ራሷን ለባሏ ስለሰጠች ፈቃዷን መልሳ መንሳት አትችልም ብሏል። ይህ የአንድ ሰው አስተያየት ስንት ሴቶችን ከፍርድ ቤት ደጅ እንደመለሰ ሳስበው ያመኛል። በወቅቱ የእንግሊዝ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት ይህን ሐሳብ የሻረው በ1991 ነው፤ ከ250 ዓመት በላይ ቆይቶ። ዳኞቹ ጋብቻ የእኩዮች ሽርክና መሆኑን አስረዱ። ዛሬ ማታ «አልፈልግም» ያለች ሴት ትዳሯን አልካደችም። ሰውነቷ የራሷ ነው፤ ትናንት የፈቀደችውን ዛሬ እምቢ ማለት ትችላለች።

«ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው።»
ፈረንጆቹም ቢሆኑ ዘግይተዋል። ሚስትን መድፈር በአሜሪካ በሁሉም ክፍለ ግዛቶች ወንጀል የሆነው በ1993፣ በጀርመን በ1997 ነው። የኔፓል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ባሎችን ነጻ ያደርግ የነበረውን ሕግ ነቀፈ። የአፍሪካ ኅብረት በ2003 ያጸደቀው የማፑቶ ፕሮቶኮልም አገሮች በግዳጅ የሚፈጸም ወሲብን፣ በጓዳም ሆነ በአደባባይ፣ በሕግ እንዲከለክሉ ይጠይቃል። ባልን ነጻ የሚያደርጉ አገሮች ግን ዛሬም አሉ። ሕንድ አንዷ ናት።

«ካልጮኸች፣ ካልቆሰለች ጥቃት የለም።»
ልጆቿ ከግድግዳው ማዶ ተኝተዋል። እንዳይሰሙ ብላ ድምጿን ትውጣለች። ፍርሃት ሰውነትን ያደነዝዛል፤ መታገል የማይችሉ ብዙ ናቸው። «ልጆቹን ዳግም አታያቸውም» የሚል ማስፈራሪያም ያለ አንድ ጥፊ ያስገድዳል። ፈቃድን መሠረት ያደረጉ ሕጎች የሚጠይቁት ፈቅዳ ነበር ወይ ብለው ነው። ቁስል ይረዳል እንጂ የግድ አይደለም።

«ሕጉ መድፈር ካላለው፣ ምንም ማድረግ አይቻልም።»
ይቻላል። ድብደባ፣ ዛቻና የአካል ጉዳት ባልም ቢፈጽማቸው በብዙ አገሮች ወንጀል ናቸው። ባል እንዳይቀርባት ፍርድ ቤት የሚያግድባቸው አገሮችም አሉ። ሕክምናው ደግሞ ክስ አይጠብቅም። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል። ማስረጃ እንዳይጠፋ፣ ከተቻለ ሳትታጠብ፣ ልብሷንም ሳታጥብ ወደ ሕክምና ትሂድ። ታጥባም ከሆነ ትሂድ።