የጎማ ንፋስ ማስጠንቀቂያ እና በቤት ውስጥ ዳግም ማስጀመሩ

የጎማ ንፋስ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አንዱ ጎማ ከሚገባው በታች ሲጎድል በዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት አብርቶ ሹፌሩን የሚያነቃ ሥርዓት ነው። ምልክቱ ከላይ ክፍት የሆነ የጎማ ቅርጽ ሲሆን መሐሉ ላይ ቃለ አጋኖ አለበት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ በፖርሽ 959 ላይ ታይቶ ለረጅም ጊዜ የውድ መኪኖች ጌጥ ሆኖ ቆየ። አሜሪካ ብዙ ሰው በጎማ መበላሸት ከሞተ በኋላ በ2000 ሕግ አወጣች፤ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከኅዳር 2014 ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ ላይ ግዴታ ሆነ።

የአሜሪካው መመዘኛ መብራቱ እንዲበራ የሚጠይቀው ግፊቱ ከተመከረው 25 በመቶ ሲቀንስ ነው። 32 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚገባው ጎማ 24 እስኪደርስ ሥርዓቱ ዝም ሊል ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ መብራቱ ሲበራ ጉድለቱ የሰነበተ እንጂ የዛሬ ላይሆን ይችላል።

ሥርዓቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ በቤት የሚሠራው ሥራም በዚሁ ይለያያል። ተዘዋዋሪ የሚባለው ግፊትን ጨርሶ አይለካም። ንፋሱ የጎደለ ጎማ ቁመቱ ስለሚያንስ ከሌሎቹ ፈጥኖ ይሽከረከራል፤ መኪናው በኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) ሴንሰሮች ይህን ልዩነት ቆጥሮ ይጠረጥራል። ዳግም ማስጀመር ማለት እንግዲህ መኪናውን «ትክክለኛው መጠን የአሁኑ ነው» ብሎ ማስተማር ነው። ጎማውን ሳይነፉ የዳግም ማስጀመሪያውን መጫኛ የሚጫኑ ሰዎች መብራቱን ያጠፋሉ፤ ለመኪናው ግን የጎደለውን ጎማ እንደ ሙሉ አድርጎ እንዲቀበል ትእዛዝ መስጠታቸው ነው። ከዚህ የከፋ አጠቃቀም አላውቅም።

ስለዚህ መጀመሪያ መንፋት ነው። ግፊት የሚለካው ጎማው ሲቀዘቅዝ፣ ማለትም መኪናው ሦስት ሰዓት ያህል ከቆመ በኋላ ነው። ልኩ የሚገኘው በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት እንጂ ከጎማው ጎን አይደለም፤ በጎማው ላይ የተጻፈው ጣሪያው ነው። የሙቀት መጠን በ5 ወይም 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ 1 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል፤ ማለዳ በርቶ እኩለ ቀን ላይ የሚጠፋ መብራት ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ መጫኛውን መፈለግ ነው። በአንዳንድ መኪና ከመሪው በታች፣ በሌላው በተሳፋሪው ፊት ካለው ሣጥን ውስጥ ይገኛል፤ በአዳዲሶቹ በስክሪኑ ምናሌ ውስጥ ተቀብሯል። በብዙ ቶዮታዎች ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ይከፈትና መብራቱ ቀስ ብሎ ሦስት ጊዜ እስኪርገበገብ መጫኛው ተይዞ ይቆያል። ቀጥሎ መኪናው አዲሱን መጠን እንዲማር መነዳት አለበት፤ የሚፈጀውን ጊዜ የመኪናው መመሪያ ይናገራል።

ቀጥተኛው ዓይነት በእያንዳንዱ ቸርኬ ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ ከቫልቩ ጋር የተያያዘ ሴንሰር አለው፤ ሴንሰሩ ግፊቱን ለክቶ በሬዲዮ ሞገድ ይልካል። እዚህ ላይ ከተነፋ በኋላ ጥቂት መንዳት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ሴንሰሩ ባትሪ ለመቆጠብ መኪናው ሲቆም ስለሚያንቀላፋ፣ ነፍቶ ዳሽቦርዱ ላይ ማፍጠጥ ትርፉ ድካም ነው።

የባትሪ ገመድ ነቅሎ መመለስ የሚሉት ዘዴ በሰፊው ይወራል። ሬዲዮውንና የመስኮቱን ማስተካከያ ከማጥፋት ያለፈ ፋይዳው ትንሽ ነው።

መብራቱ ቁልፉ ሲከፈት ለአንድ ደቂቃ ያህል ተርገብግቦ ከዚያ በርቶ ከቀረ ግን ችግሩ ከንፋስ ሳይሆን ከሥርዓቱ ነው። ሴንሰር የሌለው ስኮርታ ተገጥሞ ወይም የሴንሰር ባትሪ አልቆ ይሆናል። ባትሪው ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚቆይ ሲሆን ታሽጎ ስለሚሠራ ሴንሰሩ ከነአካሉ ይለወጣል፤ ጎማውም ከቸርኬው መውለቅ ስላለበት ሥራው የጎሚስታ ነው።