ሞይሬ ምንድን ነው? በሌንሱ አታሳብቡ

ባለ ደቃቅ መስመር ሸሚዝ በለበሰ ሰው ፎቶ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ሞገድ ይታያል፤ ሞይሬ ይባላል። አንዱ አስተያየት ሰጪ ቶሎ ብሎ "ሌንሱ ርካሽ ነው፣ ደህና ሌንስ ግዛ" ይላል። ይህን ምክር ስንቴ እንዳነበብኩት! ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሞይሬ የሚብሰው ሌንሱ ጥርት አድርጎ ሲያሳይ ነው።

ሁለት ማበጠሪያ ደራርቡና ወደ ብርሃን ያዙ። አንዱን በትንሹ አዘንብሉት። በሁለቱም ላይ የሌለ ሰፊ ሞገድ ይመጣል። ሞይሬ ይኸው ነው። አንዱ ማበጠሪያ የሸሚዙ መስመር፣ ሌላው የሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) የፒክስል፣ ማለትም የጥቃቅን ነጥቦች፣ ረድፍ። መስመሩ ደቅቆ ለአንድ ጥቁርና ለአንድ ነጭ ቢያንስ ሁለት ፒክስል ካልደረሰ፣ ካሜራው የሌለ ሰፊ መስመር ይመዘግባል።

ቀለሙስ ከየት መጣ? አብዛኞቹ ካሜራዎች የኮዳኩ ብራይስ ባየር በ1976 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያገኘበትን የቀለም ማጣሪያ ይጠቀማሉ። ከፒክስሎቹ ግማሹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ ነው። ስለዚህ የቀዩና የሰማያዊው ማበጠሪያ ጥርሱ አንድ እየዘለለ የወለቀ ነው ማለት ነው። ቀድመው የሚሳሳቱት እነሱ ናቸው። ሞገዳቸው ከአረንጓዴው ጋር ስለማይገጥም ሸሚዙ ላይ ቀለም ይፈሳል።

ደካማ ሌንስ ደግሞ የሸሚዙን ጥርሶች አደብዝዞ ያጣብቃቸዋል። ጥርስ ከሌለ ሞገድ የለም። አንዳንድ ካሜራዎች ሴንሰራቸው ፊት ምስሉን ሆን ብሎ በትንሹ የሚያደበዝዝ ማጣሪያ ያላቸው ለዚህ ነው። ኒኮን በ2012 እ.ኤ.አ. ዲ800 የተባለውን ካሜራ ሲያወጣ የዚህ ማጣሪያ ሥራ የተሻረበትን ዲ800ኢም አብሮ አቅርቦ ነበር። ዲ800ኢ ይበልጥ ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል፤ ለሞይሬም ይበልጥ ይጋለጣል።

አስተያየት ሰጪው ምናልባት ከሌላ ችግር ጋር አምታቶት ይሆናል። የዛፍ ቅርንጫፍ ከነጭ ሰማይ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ክር ይታያል። እሱስ አዎ፣ በአብዛኛው የሌንስ ነው፤ መስታወቱ የየቀለሙን ብርሃን እኩል አያጎብጠውም። ወደ ፎቶው ዳር የሚብሰው ዓይነት በሶፍትዌር በቀላሉ ይስተካከላል። ሞይሬ ግን መሃልም ዳርም አይመርጥም። በኤዲቲንግ ቀለሙን ብታጠፉት እንኳ የተሳሳተው መስመር እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ መፍትሔው ስታነሱ ነው። አንድ እርምጃ ጠጋ ወይም ራቅ በሉ፣ ወይም ካሜራውን ትንሽ አዘንብሉት። እንደገና ከማንሳታችሁ በፊት ግን ፎቶውን በሙሉ መጠኑ፣ 100 ፐርሰንት አድርጋችሁ እዩት። ፎቶው ተቀንሶ ሲታይ ስክሪኑ ላይ ብቻ የሚፈጠር ሞይሬ አለ፤ እሱ ፋይሉ ውስጥ የለም።